የመማር ሞዴልና ድባቴ፦ አልፋና ቤታ ዳር ላይ ለምን ይቆማሉ? ስንት ዙርስ ይበቃል?

ሰማያዊ_ደብተር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ለማስተርስ መመረቂያ የያዝነው ጥናት፣ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ከሽልማት የሚማሩበት መንገድ ከሌላው ሰው በምን እንደሚለይ በስሌት ሞዴል መለካት ነው። መጠይቅ ሰውየው ምን እንደሚሰማው ይነግረናል። ምርጫውን ከውጤቱ ተነስቶ እንዴት እንደሚያስተካክል ግን አይነግረንም፤ ያንን በቁጥር ማየት ብንችል ለሕክምና ምርጫም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

እቅዱ እንዲህ ነው። ከአንድ ሆስፒታል የተመላላሽ ክፍል 40 ታካሚዎች፣ 40 ደግሞ ድባቴ የሌለባቸው። ተሳታፊው ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሥዕሎች ያይና አንዱን ይመርጣል። ጥሩው ሥዕል ከ100 ጊዜ 80ውን 10 ነጥብ ይሰጣል፣ ሌላው 20ውን ብቻ። በየ20 ዙሩ ሳይነገር ይገለባበጣሉ። በጠቅላላው 80 ዙር ነው። በመጨረሻ ፒኤችኪው-9 የተባለውን ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ ይሞላል።

ቀመሩ የሬስኮርላና የዋግነር ነው፦ አዲስ ግምት = የቀድሞ ግምት + አልፋ × (ውጤት − የቀድሞ ግምት)። አልፋ ከ0 እስከ 1 የሚሄድ የመማር ፍጥነት ነው። ምርጫው ግምቶችን ወደ የመምረጥ ዕድል በሚቀይረው በሶፍትማክስ ቀመር ይወጣል፤ ቤታ የሁለቱ ግምቶች ልዩነት ምርጫውን ምን ያህል እንደሚነዳ ይለካል። ለእያንዳንዱ ሰው በማክሲመም ላይክሊሁድ (ምርጫዎቹን ይበልጥ ዕድል የሚሰጣቸውን ቁጥሮች በመፈለግ) ሁለቱን ፓራሜትሮች አውጥተን ከፒኤችኪው-9 ድምር ጋር ያላቸውን ዝምድና በኮሪሌሽን እንለካለን።

በሙከራ ዳታው ላይ ግን የአንዳንዱ ሰው አልፋ ልክ 0 ወይም ልክ 1 ላይ ይቆማል፣ ቤታም ከ50 በላይ ይሄዳል። አልፎ አልፎም ፕሮግራሙ ቁጥር ያልሆነ መልስ ይመልሳል። የኮድ ችግር ነው ወይስ የንድፍ? 80 ዙር ይበቃል? ቤታ ዝቅ ሲል «ደስታ የማጣት ምልክት ነው» ማለት እንችላለን? አማካሪያችን ደግሞ በዚሁ ዳታ ድባቴን የሚለይ ማሽን ለርኒንግ ብትጨምሩበት ይላሉ። ሐሳባችሁን አትንፈጉን።


ግራፍና_ነጥብ፦

ከኮዱ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። ውጤቱን 10 ብላችሁ አታስገቡ፣ 1 እና 0 አድርጉት። ተሳታፊው ስክሪን ላይ 10 ቢያይ ችግር የለውም። ቀመሩ ውስጥ 10 ሲገባ ግን ግምቱ እስከ 10 ይደርሳል፣ ቤታ 71 ላይ ሲደርስ ኤክስፖኔንሻሉ ውስጥ የሚገባው ከ709 ያልፋል፤ ኮምፒውተሩ መያዝ የሚችለው እዚያ ላይ ያበቃል። ቁጥር ያልሆነው መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለጥንቃቄም ትልቁን ግምት ከሁለቱም ላይ ቀንሳችሁ ኤክስፖኔንሻሉን ብትሠሩ ውጤቱ ሳይለወጥ ችግሩ ይጠፋል። ፍለጋውን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ከ10 የተለያዩ መነሻ ነጥቦች አስጀምሩና የተሻለውን ያዙ። ከአንድ መነሻ ብቻ ከተነሳ የቅርቡ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሊቀር ይችላል።

ዳር ላይ መቆሙ ግን የኮድ ስህተት አይደለም፤ ዳታው የሚለው ራሱ ነው። ሦስት ዓይነት ሰዎችን አስቡ። አንደኛው ሲያገኝ ይቆያል፣ ባጣ ቁጥር ወዲያው ይቀይራል። የእሱ አልፋ 1 ላይ ይለጠፋል፣ ምርጫው ምንም መዋዠቅ ስለሌለበት ቤታ ወደ ላይ ያለ ገደብ ይሄዳል። ሁለተኛው ሳያይ ይጫናል። የእሱ ቤታ 0 አጠገብ ነው፤ ቤታ 0 ሲሆን ደግሞ አልፋ ምንም ቢሆን ላይክሊሁዱ አይለወጥም፣ ስለዚህ የወጣው አልፋ ትርጉም የለውም። ሦስተኛው ያገኘውም ያጣውም ሳይገደው የመጀመሪያ ምርጫውን ይደጋግማል። ይህን የእናንተ ሞዴል ሊገልጸው ስለማይችል በአልፋ ዝቅታ ሊያስመስለው ይሞክራል። የመደጋገም ዝንባሌን የሚይዝ ሦስተኛ ፓራሜትር ጨምሩ፤ ባለፈው ዙር የተመረጠው ሥዕል ላይ የምትደመር አንዲት ቋሚ ቁጥር ናት። ይህን ሳይጨምሩ «ታካሚዎቹ ቀስ ብለው ይማራሉ» ብሎ መደምደም አደገኛ ነው።

አልፋና ቤታ ለምን እርስ በርስ እንደሚጋረዱ በቁጥር እንየው። መነሻ ግምት 0.5፣ አልፋ 0.3 ይሁን። ሽልማት ሲገኝ ግምቱ 0.65 ይሆናል፤ ቀጥሎ ሲታጣ 0.455። የሁለቱ ሥዕሎች ልዩነት 0.2 ሲሆን ቤታ 5 ያለው ሰው የተሻለውን የመምረጥ ዕድሉ 0.73 ነው፣ ቤታ 1 ያለው ግን 0.55። አሁን አልፋን ከፍ አድርጋችሁ ቤታን ዝቅ ብታደርጉ በአጭር ዳታ ላይ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ የምርጫ ቅደም ተከተል ይወጣል። 80 ዙር ከሦስት ግልበጣ ጋር ሁለቱን ለመለየት የሚያቀብለው መረጃ ትንሽ ነው።

እንግዲህ «ስንት ዙር ይበቃል» የሚለውን ከመጽሐፍ አትፈልጉት። ሲሙሌሽን ይመልሰዋል፤ ሆስፒታል ሳትሄዱ አሁኑኑ ልትሠሩት ትችላላችሁ። አልፋቸው ከ0.05 እስከ 0.9፣ ቤታቸው ከ1 እስከ 10 የሆኑ 200 ሰው ሠራሽ ተሳታፊዎችን ፍጠሩ፣ ሥራውን እንዲሠሩ አድርጉ፣ ከዚያ ፓራሜትሮቻቸውን እንደማታውቁ ሆናችሁ ከምርጫቸው መልሳችሁ አውጡ። እውነተኛውና የወጣው ቁጥር ያላቸው ኮሪሌሽን ከ0.7 በታች ከሆነ በዚያ ንድፍ ሰው አትጥሩ። የአልፋን ስህተት ከቤታ ስህተት ጋርም አነጻጽሩ፤ አብረው የሚወዛወዙ ከሆነ ችግሩ አልተፈታም። ሙከራውን በ80፣ በ160 እና በ240 ዙር ደጋግሙት። አንድ ዙር 4 ሰከንድ ቢወስድ 200 ዙር 13 ደቂቃ ገደማ ነው። በየ50ው እረፍት ከተሰጠ ድካም ያለበት ሰውም ይጨርሰዋል። ግልበጣው ደግሞ ሁልጊዜ በ20ኛው ዙር አይሁን። ተሳታፊው ይቆጥርባችኋል፤ ከ15 እስከ 25 ባለው ውስጥ ይለዋወጥ።

ሰው በዘፈቀደ እንደተጫነ ማወቂያም አለ። በ160 ዙር ሳንቲም እየጣለ የሚመርጥ ሰው ሎግ-ላይክሊሁዱ 160 ጊዜ የ0.5 ሎጋሪዝም፣ ማለትም −110.9 ነው። ሁለት ፓራሜትር ያለው ሞዴል ፓራሜትር በበዛ ቁጥር ሞዴሉን በሚቀጣው በቢአይሲ መለኪያ 10.15 ቅጣት ስላለበት ሳንቲሙን ለመብለጥ ከ−105.8 የተሻለ ማምጣት አለበት። ያላመጣ ሰው አልፋ በሠንጠረዣችሁ ውስጥ እንደማንኛውም ቁጥር መቀመጥ የለበትም።

ለትክክለኛው ትንተና ባለ እርከን ቤይዥያን ሞዴል ተጠቀሙ፤ የአንዱ ሰው ደካማ ዳታ ከቡድኑ ስርጭት ድጋፍ ያገኛል፣ ዳር ላይ መለጠፉም ይቀራል። ለዚህ የሚሆነው ስታን የተባለው ሶፍትዌር ወይም በላዩ የተሠራው ኤችቤይስዲኤም የተባለው ጥቅል በአርም በፓይተንም ይሠራል። 4 የናሙና ሰንሰለቶች አስሂዱ፣ ሰንሰለቶቹ መስማማታቸውን የሚያሳየው አር-ሃት ከ1.01 በታች መሆኑን እዩ። ፕሮግራሙ ዳይቨርጀንስ (ፍለጋው አንዳንድ ቦታ ላይ መሳቱን) ካስጠነቀቀ ሰንሰለቶቹን ማስረዘም አይፈታውም። የፍለጋውን ጥንቃቄ የሚወስነውን አዳፕት-ዴልታን ከ0.8 ወደ 0.95፣ ካልሆነም ወደ 0.99 ከፍ አድርጉ፣ የየሰዉን ፓራሜትር ደግሞ ከቡድኑ አማካይ የራቀበት ልክ አድርጋችሁ ጻፉት። ሲያልቅ ከሞዴሉ አዲስ ምርጫዎች አመንጭታችሁ ከግልበጣው 5 ዙር በፊትና 10 ዙር በኋላ ያለውን ኩርባ ከእውነተኛው ጋር ደርቡት። ኩርባው ካልገጠመ የትኛውም የሞዴል ማወዳደሪያ ቁጥር አያድናችሁም።


የሌሊት_ተረኛ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ የማነሳው ላፕቶፑ ፊት ስለሚቀመጠው ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት የፒኤችኪው-9 ዘጠነኛ ጥያቄ። ብሞት ይሻለኛል ስለሚል ወይም ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። ተሳታፊው 1 እንኳ ከመለሰ በዚያው ቀን፣ ከክፍሉ ሳይወጣ፣ የሚያነጋግረው ባለሙያ ማን እንደሆነና ስልኩ የት እንደተጻፈ ዳታ መሰብሰብ ሳይጀመር መወሰን አለበት። መጠይቁን በመጨረሻ አድርጋችሁታል፤ ሰዓት ሞልቶ ባለሙያው ከሄደ በኋላ የሚሞላ ከሆነ ግን አሠራሩ አይሆንም። ቀጠሮዎቹን በጠዋት አድርጉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ድምሩን አትመኑት። ከ0 እስከ 27 የሚሄደው ነጥብ ውስጥ እንቅልፍ፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት አሉበት፤ የስኳር ወይም የቲቢ ታማሚ በድባቴ ሳይሆን በሕመሙ ነጥብ ያገኛል። ደስታ ማጣትን የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው፣ እሱም ከ0 እስከ 3 ብቻ። ጥያቄያችሁ ደስታ ስለማጣት ከሆነ ለእሱ የተሠራ መለኪያ ያስፈልጋችኋል፤ ለምሳሌ ባለ 14 ጥያቄው የስናይዝና የሃሚልተን መለኪያ። እሱንም ተርጉሞ፣ መልሶ አስተርጉሞ፣ በጥቂት ታካሚዎች ላይ ምን ብለው እንደተረዱት መጠየቅ ይቀድማል። «10 እና ከዚያ በላይ» የሚለውን መቁረጫም እንደ ሕግ አትያዙት። በኢትዮጵያ የገጠር ጤና ጣቢያዎች በተደረገ የማረጋገጫ ሥራ የተሻለ የለየው ከዚያ ዝቅ ያለ ነጥብ ነው። ማንበብ ለማይችል ተሳታፊ የምታነቡለት ከሆነ ለሁሉም አንብቡ፤ ገሚሱ ብቻውን፣ ገሚሱ ከሰው ፊት ሆኖ ሲመልስ ሌላ ልዩነት ይፈጠራል።

መድኃኒት፦ ዓይነቱን፣ በሚሊግራም ምን ያህል እንደሆነና የተጀመረበትን ቀን መዝግቡ። የድባቴ መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያመጣል፤ ማታ የወሰደ ሰው በማግስቱ ጠዋት ሲዘገይ ሞዴላችሁ «አይማርም» ሊለው ይችላል። ሌላውን የድባቴ መድኃኒት ፍሉኦክሰቲንን ከጀመረ ሁለት ሳምንት የሆነውና ስድስት ወር የሆነው በአንድ ሣጥን አይገቡም። ጫትንም ሳታፍሩ ጠይቁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የቃመው ከስንት ሰዓት በፊት እንደሆነ። በውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያስለቅቅ አነቃቂ ነው፣ እናንተም የምትለኩት ያንኑ የሽልማት መንገድ ነው። በጾም ወቅት የምትሰበስቡ ከሆነ ከበላ ስንት ሰዓት እንደሆነው ጨምሩበት።

ማስረዳቱ ላይ ብዙ ጥናት ይበላሻል። «ጥሩው ሥዕል በመሃል ሊቀየር ይችላል» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ፤ መቼ እንደሆነ አትንገሩ። ካልነገራችሁ የምትለኩት ማን መመሪያውን ገመተ የሚለውን ነው፣ እሱ ደግሞ ከትምህርት ደረጃ ጋር አብሮ ይሄዳል። የመለማመጃ 20 ዙር ይኑር፣ ከዚያ ሦስት ማረጋገጫ ጥያቄዎች፤ ከሳተ መመሪያው እንደገና ይነበብ። ነጥብን ወደ ብር የምትቀይሩ ከሆነ ከተሳታፊው ኪስ ምንም እንደማይወጣና ከፍተኛው ጭማሪ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር። ቁማር የሚመስለው ሰው በእምነቱ ምክንያት እጁን ይሰበስባል፣ ያ ደግሞ በዳታው ላይ ልክ ድባቴ ይመስላል። ሥዕሎቹ ፊደልም የሃይማኖት ምልክትም አይሁኑ፤ በቀይና በአረንጓዴ ብቻም አይለያዩ። ግራና ቀኛቸው በየዙሩ ይቀያየር።

የቀን መቁጠሪያ ነገር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ፋይል ታበላሻለች። ታካሚው የልደት ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ይነግራችኋል፣ ላፕቶፑ በፈረንጅ ይመዘግባል፤ ሲቀናነሱ ዕድሜው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመራል። «3 ሰዓት» ብሎ በእጅ የተጻፈና ኮምፒውተሩ 9 ያለው አንድ ናቸው። ለየትኛው ዓምድ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በዓምዱ ስም ላይ ጻፉት፣ ፋይሎችን የምታገናኙትም በቀን ሳይሆን በተሳታፊ ቁጥር ይሁን።

ንጽጽር ቡድናችሁ ተማሪዎችና የሆስፒታሉ ሠራተኞች ከሆኑ ደግሞ የምታገኙት የዕድሜና የትምህርት ልዩነት ነው። አስታማሚ ሆነው የመጡትን ብትጠይቁ ይቀርባል፣ እነሱንም ግን ስለ ድባቴ መጠየቅ አይቀርም።


ሁለተኛ_እይታ፦

ስለ ቤታና ደስታ ማጣት የጠየቃችሁት የጥናቱ ልብ ስለሆነ እዚያ ላይ ልቆይ።

አይቻልም፤ ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ሰውየው ሽልማቱን የሚያጣጥምበትን መጠን «ሮ» እንበለውና ውጤቱን በሮ እናባዛው። መነሻው ከ0 ከሆነ ግምቶቹ ሁሉ በሮ ይባዛሉ። ሶፍትማክስ ውስጥ የሚገባው ቤታ × ሮ × ግምት ይሆናል። ዳታው የሚያውቀው የሁለቱን ብዜት ብቻ ነው። ስለዚህ ሽልማቱ ያልጣመው ሰውና ሽልማቱ ጥሞት ምርጫው ላይ የሚዘናጋ ሰው በዚህ ሥራ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ። አንዱ ስለ ስሜት ነው፣ ሌላው ስለ ትኩረት፤ ሕክምናቸውም አንድ አይሆንም። ሃይስ፣ ፒዛጋሊ፣ ቦግዳንና ዳያን በ2013 ባወጡት የብዙ ጥናቶች ዳታ ትንተና ደስታ ማጣት ከመማር ፍጥነት ይልቅ ከሽልማት ስሜት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል፤ እነሱም ይህን የብዜት ችግር በጥንቃቄ ነው የያዙት።

መውጫው ንድፉ ላይ ነው። ሥራውን ለሁለት ክፈሉት፦ አንድ ክፍል ነጥብ የሚገኝበት፣ አንድ ክፍል ነጥብ የሚቀነስበት። የዙር ብዛቱ፣ ፍጥነቱ፣ አስቸጋሪነቱ እኩል ይሁን፣ ቅደም ተከተሉም ለግማሹ ሰው ይገልበጥ። መዘናጋት ከሆነ ብዜቱ በሁለቱም ይወርዳል፤ በሽልማቱ ክፍል ብቻ ከወረደ ስለ ሽልማት ስሜት ለመናገር መሬት አገኛችሁ። ይህ ዙሩን እጥፍ ያደርገዋል፣ ግን ጥያቄያችሁን የሚመልሰው እሱ ነው። ውይይት ክፍል ውስጥም «ዶፓሚናቸው ዝቅ ብሏል» የሚል አረፍተ ነገር አይግባ። ራትሌጅና ባልደረቦቹ በ2017 ባሳተሙት ሥራ፣ መማር በማያስፈልገው የምርጫ ሥራ ላይ ድባቴ ባለባቸው ሰዎች የግምት ስህተት ምልክቱ (ውጤቱ ከግምቱ የሚለይበት) ቬንትራል ስትራያተም በተባለው ሽልማትን በሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ሳይጎድል ነው የተገኘው።

የሰው ብዛት። 40 ለ40 በ80 በመቶ አቅም (ልዩነቱ ካለ በ80 በመቶ ዕድል በማግኘት) የሚይዘው ከ0.63 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ጀምሮ ያለ ትልቅ ልዩነትን ነው። ለኮሪሌሽን ይብሳል። እውነተኛው ዝምድና 0.3 ቢሆን፣ የፓራሜትሩ አስተማማኝነት 0.5፣ የመጠይቁ 0.8 ቢሆን፣ የምታዩት 0.3 ሲባዛ በ0.63፣ ማለትም 0.19 ነው። እሱን ለመያዝ ወደ 215 ሰው ያስፈልጋል። የፓራሜትሩን አስተማማኝነት የምታውቁት ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሰዎችን ከአንድ ወይም ሁለት ሳምንት በኋላ መልሳችሁ ስታሠሯቸው ነው። በጀቱ ካልፈቀደ ጥናቱን «መለኪያው በአማርኛ ተናጋሪዎች ይሠራል ወይ» ወደሚል ጥያቄ ብታጠቡት ይሻላል። እንዲህ ያለ ሥራ በእኛ አገር በጣም ይፈለጋል፣ በ80 ሰውም በሚገባ ይሠራል።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ዞሮዊትዝና ባልደረቦቹ በ2023 እንዳሳዩት፣ መጠይቁን ሳያነቡ የሚሞሉ ሰዎች የሌለ ዝምድና ይፈጥራሉ። አብዛኛው ሰው ዝቅተኛ ነጥብ በሚያገኝበት መጠይቅ ላይ በዘፈቀደ የሚመልስ ሰው «ምልክቱ የበዛበት» ሆኖ ይታያል፤ ያው ሰው ሥራውንም በዘፈቀደ ስለሚጫን ቤታው ይወርዳል። ሥራው ላይ ደካማ የሆኑትን ብቻ መጣል አያጠራውም። መጠይቁ መሃል መልሱ ለማንም ግልጽ የሆነ ጥያቄ ሁለት ያህል አስገቡ።

ማሽን ለርኒንጉን አማካሪያችሁን በአክብሮት አሳምናችሁ ተዉት። በ80 ሰው የተገኘ 85 በመቶ ትክክለኛነት ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ ይረግፋል። በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ ቼክሩድና ባልደረቦቹ ያወጡትን እዩ፦ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ለመድኃኒት የሚሰጡትን ምላሽ የሚተነብዩ ሞዴሎች በተሠሩበት ሙከራ ውስጥ ጥሩ ነበሩ፣ ባላዩት ሙከራ ላይ ግን ከዕድል አልተሻሉም። የእናንተ ታካሚዎች ደግሞ ምርመራቸው አስቀድሞ በሐኪም የታወቀ ነው፤ ሐኪሙ የሚያውቀውን መልሶ የሚነግር ፕሮግራም ለማን ይጠቅማል? ሊሠራ የሚገባው ማን በየትኛው ሕክምና ይሻለዋል የሚለው ነው፣ እሱ ክትትል ይፈልጋል።

ግራፍና_ነጥብ ባለው ላይ የምጨምራት አንዲት ማስጠንቀቂያ አለች። ባለ እርከን ሞዴል ጥሩ ነው፤ ከእሱ የወጡትን የየሰዉን ግምቶች አውጥቶ በሌላ ፋይል ቲ-ቴስት (የሁለት ቡድን አማካይ ማወዳደሪያ) ወይም ኮሪሌሽን መሥራት ግን አይሆንም።


ሰማያዊ_ደብተር፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ቀየራችሁልን። ሲሙሌሽኑን ዛሬ እንጀምራለን፣ ንድፉንም ለሁለት እንከፍለዋለን። ስለ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ ጥያቄ፦ ታካሚዎቹንና ንጽጽር ቡድኑን በአንድ ፕራየር (ዳታው ሳይታይ በሚሰጥ የቡድን ስርጭት) ሥር እናድርጋቸው ወይስ ለየብቻ?


ሁለተኛ_እይታ፦

ሁለቱም ለብቻቸው ያዳላሉ። በአንድ ፕራየር ሥር ካደረጋችኋቸው ሁሉም ወደ አንድ አማካይ ስለሚሳቡ እውነተኛው ልዩነት ይጠባል። ለየብቻ አድርጋችሁ ከዚያ ቲ-ቴስት ከሠራችሁ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ቡድን አማካይ ስለሚሳብ በቡድኑ ውስጥ ያለው መዋዠቅ ይጠፋና የሌለ ልዩነት ትርጉም ያለው ይመስላል። የቡድኑን ልዩነት ራሱን ሞዴሉ ውስጥ አስገቡት፦ የአንድ ሰው አልፋ በሎጂት ሚዛን (ከ0 እስከ 1 ያለውን ቁጥር ገደብ ወደሌለው በሚቀይረው) = የጋራ አማካይ + ልዩነት × ቡድን + የግል ርቀት። ቡድንን −0.5 እና 0.5 ብላችሁ ኮድ ስጡ፣ ለልዩነቱ አማካዩ 0፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 1 የሆነ ኖርማል ፕራየር ይበቃል። የደስታ ማጣት ነጥቡም፣ ዕድሜና የትምህርት ዓመትም በዚያው መስመር ስታንዳርዳይዝ ተደርገው ይገባሉ። ሪፖርት የምታደርጉት የዚያን ልዩነት ፖስቴሪየር (ከዳታው በኋላ ያለውን ስርጭት) እና የ95 በመቶ ክልሉን ነው።


ግራፍና_ነጥብ፦

እስማማለሁ፤ እኔም የምመክረው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ሞዴል በሰው ሠራሽ ተሳታፊዎችም አስሞክሩት፦ ልዩነቱ 0 የሆነባቸው 50 ጥናቶች አመንጩና ስንቱ ላይ ክልሉ 0ን እንደሚስት ቁጠሩ። ከሁለት ወይም ከሦስት በብዙ ከበለጠ ኮዱ ውስጥ የተሳሳተ ነገር አለ፤ መጀመሪያ የቡድን ኮዱ ከተሳታፊ ቁጥሩ ጋር በትክክል መጋጠሙን እዩ።